ቁልፉን አዙሩ

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በእናቷ እጅ እንደ ሕፃን ስትለብስ ማየት ሰውን ያስደነግጣል ብሎ አስቀድሞ የሚያስብ የለም፤ አክስቷ የሆነችው የዋና አሠልጣኟም አላሰበችም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገመድ ላይ ያደረ ፎጣዋን ልታነሣ ከጓሮ ክፍሏ ወጥታ በመተላለፊያው ስታልፍ፣ የወንድሟ ልጅ መኝታ ቤት በር አንድ ስንዝር ያህል ገርበብ ብሎ ነበር። በዚያች ስንዝር ውስጥ ልጅቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ግራ እጇ የሰው ዕቃ ይመስል ጭኗ ላይ ተጋድሟል፤ እናቷ ፊት ለፊቷ ተንበርክካ የሸሚዙን እጅጌ እንደ ካልሲ ሰብስባ መጀመሪያ በጣቶቿ፣ ቀጥሎ በአንጓዋ፣ ቀጥሎ በክርኗ ቀስ እያደረገች ታሳልፍላታለች። እጅጌው ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ልጅቱ ኮሌታዋን በጥርሷ ነከሰች። አሠልጣኟን ክው ያደረጋት ግን ይህ አልነበረም፤ የእናትየዋ እጅ ጥበብ ነበር። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በአንድ ቀን አይገኝም። ጣቶቿ የት ጋ መፍጠን፣ የት ጋ መዘግየት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ የቱ ጋ እንደሚያማት ሳይጠይቁ ያውቃሉ። ነገሩ የዛሬ ጠዋት ብቻ ሳይሆን የብዙ ጠዋት ልማድ ነበር፤ እርሷ ከግድግዳው ማዶ የልምምድ ሰዓት እንዳያልፍባት ስትጣደፍ፣ እዚሁ ጣሪያ ሥር ሲፈጸም የኖረ ልማድ።

«ቀስ፣ እማዬ... ቀስ በይ። ለአክስቴ ግን እንዳትነግሪያት፤ እስከ እሑድ ብቻ።»

«እኔ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ብነግራትስ ትሰማኛለች?»

አሠልጣኟ ፎጣውን ሳታነሣ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ተመለከተች፤ ግድግዳው ላይ ሜዳልያዎቿ በሚስማር ተሰቅለዋል፤ ከሜዳልያዎቹ መካከል በመስታወት የተሸፈነ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶግራፉ ላይ የሃያ ዓመት ወጣት ሆና በነፃ ቀዘፋ ስትዋኝ፣ ግራ ክንዷ ከውሃው ወጥቶ ተመልሶ ሊገባ ሲል ይታያል። ሌላው ዋናተኛ ሁሉ ክንዱን ውሃ ውስጥ ሲከት የጣቶቹን ጫፍ ያስቀድማል፤ እርሷ በግራ እጇ አውራ ጣቷን ታስቀድም ነበር። መዳፏን ወደ ውጭ ገልብጣ፣ ክንዷን በአፍንጫዋ ፊት አሻግራ፣ በር እንደሚከፍት ሰው ጠምዘዝ አድርጋ ውሃው ውስጥ ትሰካዋለች። ቀኝ እጇ እንደ ማንም ሰው እጅ ነበር፤ ተመልካች ሁሉ የሚያደንቀው ግራዋን ነው። ጋዜጣ ጽፎለታል፤ የውጭ አገር አሠልጣኝ ሳይቀር «ይህን ማን አስተማረሽ?» ብሎ ጠይቋት «ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ የተፈጠረ ነው» ብላ መልሳለች። አሠልጣኝ በሆነች ጊዜም ለግራ ያማረ ለቀኝ ለምን ይቀራል ብላ፣ የገንዳው ልጆች ሁሉ በሁለቱም እጃቸው እንደዚያው እንዲቀዝፉ አደረገች። ከገንዳው ዳር እየተራመደች ቀኑን ሙሉ የምትጮኸው አንድ ቃል ነው፤ «ቁልፉን አዙሩ! ቁልፉን አዙሩ!» ትላለች። ሃያ ዓመት በዚህ ቀዘፋ ስትዋኝ አንድ ቀን «ትከሻዬን» ብላ አታውቅም። ስለዚህም ትከሻውን አመመኝ የሚል ልጅ ሲመጣባት መልሷ የተዘጋጀ ነበር፤ «ትከሻ አያምም፤ የሚያመው ስንፍና ነው።»

ለቁርስ አራቱም ጠረጴዛ ከበቡ። ወንድሟ ታክሲ ነጂ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስለ ነዳጅ ዋጋ ሳያማርር ሻይ አይወርድለትም። ዛሬም በሊትር ስንት እንደ ጨመረ፣ ጎማ ስንት እንደ ገባ፣ በዚህ አያያዝ መኪናውን በገመድ አስሮ መጎተት ሳይሻል እንደማይቀር ተናገረ። ሚስቱ እንቁላሉን ልጣ ለልጅቱ ሳህን ላይ አኖረች፤ ዳቦውንም ቆርሳ ቅቤ ቀባችላት። አሠልጣኟ ይህንንም ስንት ጠዋት እንዳየችው አሰበች። ስታየው የኖረችው ግን እንደ ማሞላቀቅ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን «ምነው፣ ማኘኩንም አንቺው አኝኪላት እንጂ» ብላ አሹፋለች፤ ሁሉም ስቀዋል፤ ልጅቱም ስቃለች። ቤተ ሰቡ ልጅቱን ሚጢጢ ይላታል፤ ከቤቱ ሁሉ በቁመት የምትበልጠው እርሷ ስለ ሆነች ነው። እሑድ የብሔራዊ ቡድኑ ማጣሪያ አለ፤ በመቶ ሜትር ነፃ ቀዘፋ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዷ ከሆነች፣ ትምህርቷንና ቀለቧን ችሎ የሚያሳድራት ማሠልጠኛ ይወስዳታል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ልምምድ የለም» አለች አሠልጣኟ። «ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ማን ታመመ?» አለ ወንድሟ።

«ሚጢጢ፣ ሸሚዝሽን ማን አለበሰሽ?»

ወንድሟ ስለ ጎማው ሊጨምረው የነበረው ነገር አፉ ላይ ቀረ። ልጅቱ እንቁላሏን በሹካ ትፈጫለች እንጂ አትበላም። አሠልጣኟ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየች፣ ከእርሷ በቀር በዚህ ጠረጴዛ ላይ የማያውቅ ሰው እንደሌለ በገባት ጊዜ የያዘችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቅ የወንድሟ ሚስት ቀና ሳትል አምስት ወር ሊሆነው ነው አለች። ለምን አልነገራችሁኝም ስትል ደግሞ ያቺ ነገር አታበዛም የምትባል ሴት ቢላዋውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና፣ «እቴ፣ የቧንቧ ሠራተኛውን ልጅ ትከሻዬን ስላለች በሰው ፊት ያልሻትን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ እኮ» አለቻት። «ልጄ ሰነፍ ተብላ ከምትባረር ትታመም አልኩ። እንግዲህ እንደዚህ ያለች እናት ነኝ።»

ሐኪም ቤቱ ድረስ ወንድሟ በታክሲው አደረሳቸው፤ ተሳፋሪ ሊጭን ይመለሳል ብለው ሲጠብቁት መኪናውን አቁሞ አብሯቸው ወጣ። ካርድ ማውጫው መቶ ሃምሳ ብር ሆኗል፤ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ ዋጋውን የተናገረችው ራሷ የምትከፍለው ይመስል በኀዘን ነው። የመጠበቂያው ክፍል ወንበሮች በብረት ተያይዘው የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነቃነቃል። ሚጢጢ ከአባቷና ከአክስቷ መካከል ተቀምጣ፣ አንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትከሻዋን በሌላኛው እጇ ትይዛለች፤ አሁን መደበቁ ስለ ቀረ ሳትሰስት ትይዘው ነበር። አሠልጣኟ ልጅቱን በጨረፍታ እያየች የአምስት ወሩን ነገር በልቧ ትመልሰዋለች። ባለፈው ወር መነሻውን ዘግይታ ስትዘልል፣ ቦርሳዋን ሁልጊዜ በቀኝ ስታነግት፣ ከመደርደሪያ ላይ ሳህን አንሺልኝ ስትላት «አንቺው አንሺ፣ እኔ ዋናተኛ እንጂ ቀጭኔ አይደለሁም» ብላ ስትቀልድ... ሁሉን አይታለች፤ አንዱንም አላየችም። በሰዓት መቁጠሪያ የሰከንድ መቶኛ የሚለይ ዐይን እንዴት እንደዚህ ይታወራል?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ድንቡሽ ያለ፣ ወሬ የሚወድ ወጣት ነው። «ኧረ ይቺ ልጅ ጣሪያውን ልትቀባልኝ ነው የመጣችው!» አለ ቁመቷን አይቶ። ከዚያ ግን ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ከፍ ሲያደርገው፣ ገና ከትከሻዋ በታች እንዳለ ልጅቱ ቃተተችና ቀልዱን አቆመ። አጥንቷ አለመሰበሩን ለማረጋገጥ ራጅ አስነሣት፤ ከዚያ ቆማ በአየር ላይ እንድትዋኝ አዘዛት። ሚጢጢ በዝግታ ቀዘፈች፤ አውራ ጣቷ ቀድሞ፣ መዳፏ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ክንዷ አፍንጫዋን ተሻግሮ። ሰውዬው ሁለቴ አስደገማት። ሦስተኛውን አላስጨረሳትም።

«ተይው፣ ተይው በቃ» አለ። «ትከሻ ማለት፣ እህቴ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው። በጣሪያውና በክንድሽ አጥንት መካከል ጅማት ያልፋል። ክንድሽን ወደ ውስጥ ጠምዝዘሽ ከፍ ባደረግሽ ቁጥር ጣሪያው ጅማቱን ይረግጠዋል። ለመተንፈስ ፊትሽን የምታዞሪው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ አይደል? ያን ጊዜ ሰውነትሽ ሁሉ የሚደገፈው በዚህ በግራው ነው። በቀን ስንት ጊዜ ታደርጊዋለሽ?»

ሚጢጢ አክስቷን አየች። አሠልጣኟ ሳትወድ በልቧ አሰላችው። በቀን አራት ሺህ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ሃምሳ ሜትር በአንድ እጅ ሃያ ቀዘፋ። «አንድ ሺህ ስድስት መቶ» አለች። ባለሙያው ጅማቱ ገና አለመበጠሱ ዕድል መሆኑን፣ ቀኙም ተከትሎ እየመጣ መሆኑን፣ ቢያንስ ሦስት ወር በክንዷ መቅዘፍ እንደሌለባት፣ እሑድ ብትዋኝ ግን ለሚሆነው እርሱ እንደማይጠየቅ አንድ በአንድ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የትከሻዋን ጡንቻዎች ከጀርባዋ ጀምሮ ማጠንከር፣ እጇን በጣቶቿ ጫፍ በትከሻዋ ትይዩ ማስገባት፣ በግራም በቀኝም እየዞሩ መተንፈስ መማር አለባት። «ግን እንዲህ አድርገሽ ቅዘፊ ብሎ ያስተማረሽ ማን ይሆን?»

«እኔ ነኝ» አለች አሠልጣኟ። በድንጋጤዋ መካከል እንኳ ቃሉ ከአፏ የወጣው በለመደችው ኩራት ነበር። «እኔ ራሴ የዋኘሁት በዚህ ነው። ሃያ ዓመት። አንድ ቀን አላመመኝም።»

ባለሙያው ግራ ክንዷን እንድትሰጠው ጠየቃት። ክርኗን ከጎኗ አስጠግቶ እጇን ወደ ውጭ ሊያዞረው ቢሞክር ገና ከመነሻው ቆመ፤ ወደ ውስጥ ሲያዞረው ግን ማንም ሰው ከሚዞረው አልፎ ሄደ። ቀኟን ሞከረ፤ ቀኙ እንደ ሰው ነው። እንደገና ወደ ግራው ተመለሰ፤ ጣቶቹን ከትከሻዋ በታች ባለው አጥንት ላይ ዐይኑን ጨፍኖ አሳለፋቸው።

«እትዬ፣ ይህ ክንድ የተሰበረው መቼ ነው?»

«ተሰብሮ አያውቅም።»

«ኧረ ተሰብሯል።»

«የኔን ክንድ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ?» አለች፤ ሳቅ ልትጨምርበት ፈልጋ እምቢ አላት። ወንድሟ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ የመኪና ማቆሚያውን ይመለከታል። ሁለቱ ሲነጋገሩ አንዴም አልዞረም። ጀርባው ብቻ ነበር የሚታየው፤ ያ ጀርባ ግን አንድ የሚጠብቀው ነገር እንዳለው ሰው ጀርባ ነበር።

የእርሷም ራጅ ተነሣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለቱ ፊልሞች፣ የልጅቱና የአክስትየዋ፣ ጎን ለጎን መብራቱ ላይ ተለጥፈው ሲታዩ ለማብራራት ብዙ ቃል አላስፈለገም። የልጅቱ ክንድ አጥንት እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብሏል። የእርሷ ከላይኛው ሲሶ ላይ፣ ሰው በውኃ ነክሮ የጠመዘዘው ጨርቅ ይመስል፣ ዞሮ ገጥሟል። ባለሙያው አሁን ቀልዱን ሁሉ ትቶ በአክብሮት ይናገር ነበር፤ ስብራቱ የሕፃንነት መሆኑን፣ ምናልባት ከአራት ዓመት ዕድሜ በፊት መሆኑን፣ በወቅቱ በወጉ የጠገነው ሰው አለመኖሩን ነገራት። «ክንድዎ የሚዞረው በዚህ ብቻ ስለሆነ ለእርስዎ ልክ ነው፤ ለዚህ ነው ያላመመዎት። ለሌላው ሰው ግን...» ቃል ፈለገ። «ጠማማ እግር ላለው ሰው በልኩ የተሠራ ጫማ ለደህናው እግር ሁሉ እንደ ማልበስ ነው።»

አሠልጣኟ ወደ ፊልሙ ቀረበች። በዚያች ደቂቃ የመጣባት የሜዳልያዎቿ ነገር አልነበረም፤ ያቺ የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ ነበረች። ጠቃጠቆ ፊት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ፎጣዋን በአንድ እጇ ብቻ እያጠፈች ስትሄድ፤ አባቷ መጥቶ «ለምን ተወችው?» ሲል «ጠይቃት፣ ስንፍናዋን ትነግርሃለች» ብላ የመለሰችለት።

መኪናው ውስጥ ሚጢጢ ከኋላ ተቀመጠች። ወንድሟ ሁለት መንገድ ዞሮ፣ ሦስተኛው ላይ ከተዘጋ የጎማ መሸጫ ፊት ለፊት ጥግ ይዞ ቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ። ይህ ሰው ስትዋኝ አንድ ቀን መጥቶ አይቷት አያውቅም። ገንዳው በር ድረስ ያደርሳታል፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ንቀት ነው ብላ በሆዷ ይዛው ኖራለች፤ ጠይቃው ግን አታውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እርሱም ነግሯት አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደ ያዘ።

«ምኑ ነህ?»

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንቺ ሦስት። ግቢ ውስጥ በአንድ እጅሽ ይዤ አሽከረክርሽ ነበር። ትስቂ ነበር። ደግሜ፣ ደግሜ ትይኝ ነበር...» መሪውን አጥብቆ ያዘው። «ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ሰማሁ። እማዬ ሮጣ ወጣች። አባባ ቢሰማ ኖሮ እኔን በሕይወት አያኖረኝም ነበር፤ ታውቂው የለ። ከአልጋ ወደቀች አለችው። ክንድሽን በካርቶንና በነጠላ ጨርቅ አሰረችው፤ ሐኪም ቤት ከወሰደችሽ ይጠይቃሉ ብላ ፈራች። እኔን ደግሞ አፍህን ብትከፍት ብላ አስማለችኝ።»

«እማዬ እስክትሞት?»

«እስክትሞት። 'ዝም አይነቅዝም' ነበር የምትለኝ። አንቺ ማሸነፍ ስትጀምሪ ሁላችንም... ሰው ሁሉ ይህን ቀዘፋ ከየት አመጣችው ሲል እኔና እማዬ እንተያይ ነበር። ከክፉ ነገር ደግ ወጣ አልን። እኔ ግን ማየት አልቻልኩም። ያ እጅ ከውሃው ሲወጣ ያ ድምፅ ይሰማኛል። ልጄን የሰጠሁሽም...» አልጨረሰውም።

አሠልጣኟ ልትጮህበት፣ ልትሰድበው፣ ወይም እንደ ሌላ ሰው ልታለቅስ ይገባት ነበር፤ አንዱም አልመጣላት አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት የኔ ነው ያለችውን ነገር ሁሉ፣ አብሮኝ የተፈጠረ ነው ያለችውን፣ በመስታወት ሸፍና የሰቀለችውን፣ የሠሩት አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በጨዋታ፣ አንዲት የፈራች እናት በካርቶን ናቸው። የተረፈው ይኸው ነው። ግራ እጇን ጭኗ ላይ አኖረችና እንደ ባዕድ ነገር አየችው።

«ነቅዟል፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «የአንተና የእማዬ ዝምታ እዚህ ልጅህ ትከሻ ላይ ነቅዟል። የኔም ጩኸት አብሮት።»

ከኋላ ወንበር ሚጢጢ ሁሉንም ሰምታ፣ ትከሻዋን ይዛ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገንዳው ደረሱ። የገንዳው ሽታ፣ ክሎሪኑ፣ እርጥብ ሲሚንቶው፣ የጎማ ጫማው ሁሉ ያው የትናንቱ ነው፤ አሠልጣኟ ግን ሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ ዙሪያውን ታያለች። ጸሐፊው የእሑዱን የተወዳዳሪዎች ዝርዝር በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማኅተም ሊመታበት ነበር። እስክሪብቶ ለምና የሚጢጢን ስም ሠረዘችው። ጸሐፊው ቀና ብሎ «አሠልጣኝ፣ የተሳሳተ ስም እንዳይሆን፤ የወንድምዎ ልጅ እኮ ናት» አላት። «አልተሳሳትኩም» አለችው። ሚጢጢ ከበሩ ላይ ቆማ ሠረዙን አየች፤ መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ወጣ።

«እሑድን ብቻ ልዋኝ! አንድ መቶ ሜትር ነው! ከዚያ አንድ ዓመት እረፊ ብትዪኝ አርፋለሁ!»

«አትዋኚም።»

«አምስት ወር ችዬዋለሁ እኮ! ስንት ሌሊት በጀርባዬ ብቻ ተኝቼ!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም!» ልጅቱ ወደ አክስቷ ቀረበች። «አታውቂም፤ አንቺን አሞሽ አያውቅም! የአንቺን ስብራት እኔ ላይ ለጠፍሽው፤ ይኸው አሁን ደግሞ እሑዴንም ወሰድሽው!»

አሠልጣኟ ሰበብ ፈለገች፤ ሰበብ ሞልቶ ነበር። ወንድሟ አለ፤ የሞተች እናቷ አለች፤ አለማወቅ አለ። አንዱንም ልታነሣ አልቻለችም። «አዎ» አለቻት። «ሁለቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።» ልጅቱ ክርክር ጠብቃ ነበር፤ ግንቡን ተደግፋ ተቀመጠች፤ በቀኝ እጇ ፊቷን ሸፈነች። አሠልጣኟ አጠገቧ ጥቂት ቆመች። ራሷን ልትዳብሳት እጇን ዘርግታ፣ መብቱ ያላት አልመሰላትምና መለሰችው።

ከዚያ ፊሽካዋን ነፋች። ሃያ ሁለቱ ልጆች የዋና ቆባቸውን እንደ ደፉ ከገንዳው ዳር ተሰለፉ፤ ትልልቆቹ በስተቀኝ፣ ትንንሾቹ በስተግራ። ውሃው ውስጥ ሊዘልሉ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ ቆልፈው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ዛሬ ማንም ውሃ ውስጥ እንደማይገባ ነገረቻቸው። ከዚያ፣ እንደ ተራ ነገር ለማስመሰል እየሞከረች፣ «ትከሻውን የሚያመው እጁን ያውጣ» አለች።

አንድ እጅ አልወጣም። ልጆቹ እርስ በርሳቸውም አልተያዩም፤ ወደ ፊት ብቻ፣ ወደ ውሃው ያያሉ። አሠልጣኟ ያ ፊት ምን እንደሆነ አወቀችው፤ ጠዋት ጠረጴዛ ዙሪያ ያየችው ፊት ነው። እነዚህ ልጆች የተማሩት ቀዘፋ ብቻ አልነበረም። እንደገና ለመናገር አፏን ስትከፍት ከኋላዋ ርምጃ ሰማች። ሚጢጢ መጥታ በሰልፉ ጫፍ፣ ከትልልቆቹ አጠገብ ቆመች። ዐይኗ እንደ ቀላ፣ አክስቷን ሳታይ፣ ግራ እጇን አነሣች፤ ደረቷ ድረስ ወጣና ቆመ። «እኔን ያመኛል» አለች። «አምስት ወር ሆነኝ።»

«ትከሻ አያምም ያልኳችሁ ውሸት ነው» አለች አሠልጣኟ። «ቁልፉን አዙሩ ያልኳችሁም ስሕተት ነው። የናንተ ስሕተት አይደለም፤ የኔ ነው። ሰነፍ ያልኳችሁ ሁሉ ሰነፍ አልነበራችሁም። እስቲ ሁላችሁም ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ፣ ክንዳችሁ ጆሮአችሁን እስኪነካ አንሡ። ያልቻለ እስከቻለበት ያንሣ፤ ማንም አይቆጣውም።»

እጆች መነሣት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ልጅ ቀኟ ሲወጣ ግራዋ ከአገጯ በታች ቀረ። ሁለተኛው ወገቡን ወደ ኋላ ለምጦ ሊያጭበረብር ሞከረና ተወው። ሦስተኛዋ፣ አራተኛው... አሠልጣኟ ከሰልፉ ፊት ለፊት እየሄደች በጣቷ ትቆጥር ነበር፤ ስድስት ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ዘጠኝ ላይ መቁጠሯን አቁማ ማየት ብቻ ቀራት። አሥራ ሦስት ይሁኑ አሥራ አራት፣ ከትልልቆቹ ማንም አልተረፈም ነበር። አንዳንዱ ክንድ እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ ከትከሻ ትይዩ ተንጠልጥሏል፤ አንዳንዱ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ ይገፋል፤ አንዱ ልጅ፣ ባለፈው ዓመት ዋንጫ ያመጣው፣ ሁለቱንም ጨርሶ አላነሣም፤ እግሩን እያየ ቆሟል። የገንዳው ዘበኛ ሣር የሚያጠጣበትን ቧንቧ እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ። አሠልጣኟ አንዷን ልጅ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለቻት፤ ቀጥላ ሁለተኛውን፣ ቀጥላ ሦስተኛዋን። እያንዳንዱ ጣቱን ያው ቦታ ላይ አደረገ፤ ከትከሻው ፊት ለፊት፣ አንዲት ሳንቲም የምትሸፍናት ቦታ።

በሰልፉ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ቆቧ እስከ ቅንድቧ የወረደባት፣ ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ ሁለት እጆቿን ቀጥ አድርጋ ሰማይ ልትነካ የደረሰች ያህል ዘርግታ ነበር። ክንዶቿ ጆሮዎቿን ብቻ ሳይሆን ቆቧን ጭምር ጨምድደውት ነበር። አሠልጣኟ ፊት ለፊቷ ደርሳ ቆመች።

«አንቺን አያምሽም?»

«ምንም አያመኝም፣ አሠልጣኝ!» አለች ልጅቱ በሙሉ ድምፅዋ። «እኔ የጀመርኩት ትናንት ነው!»

ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሚጢጢም ሳቀች፤ ሳታስበው አመለጣት። ሲስቁ ግን የታመሙት ሁሉ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የሚያማቸውን ትከሻ በሌላኛው እጃቸው ደግፈው ይዘውት ነበር።